ሐዋሳ ላላችሁ፦ ለአባቴ የትንፋሽ ፊዚዮቴራፒስት ምስጋና

ሐዋሳ ውስጥ ትንፋሽ እያጠረው የተቸገረ ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን አንብቡልኝ። አቶቴ አካባቢ የምትሠራ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት አለች። ለአባቴ ያደረገችለትን ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል።

አባዬ ሲጋራ ካቆመ ቆይቷል። ሳንባው ግን ጉዳቱን ይዞ ቀርቷል። ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ ነው ያሉን። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል። ቢሆንም ልብሱን ለብሶ እስኪጨርስ ቁና ቁና ይተነፍስ ነበር። አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ መግዛት የሚወድ ሰው ከግቢ መውጣት ተወ። በመጨረሻ ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከው።

መጀመሪያ ደስ ያለኝ አለመቸኮሏ ነው። ቁጭ አድርጋ ጠየቀችው። የጆሮ ታምቡርዎ ተቀዶ ያውቃል? በሳንባና በደረት መሀል አየር ገብቶብዎት ያውቃል? በቅርቡ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል? ልብዎስ? እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድ የትንፋሽ ጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምዱን እንደማታስጀምረው ነገረችን። ከዚያ በአፍ በሚያዝ መለኪያ በኃይል ወደ ውስጥ አስተነፈሰችው። የመሳቢያ ጡንቻዎቹ ጉልበት ስንት እንደሆነ የምታውቀው በዚህ ነው። ሳትለካ ለማንም አትጀምርም።

የትንፋሽ ጡንቻ የሚባል ነገር መኖሩን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ሳንባ ራሱን መለጠጥ አይችልም። ከሥሩ ያለው ዲያፍራም የሚባለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ፣ በጎድን አጥንቶች መሀል ያሉት ጡንቻዎች ደግሞ ደረትን ሲከፍቱ ነው አየር የሚገባው። የአባዬ ዓይነት ሕመም ሲኖር የገባው አየር በደንብ ስለማይወጣ ሳንባው እንደተነፋ ይቀራል። ዲያፍራሙ ወደ ታች ይገፋና ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋ ሲሆን ደግሞ የመሳብ አቅሙ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ በመዳፏ እያጎበጠችና እየዘረጋች አሳየችው። አባዬ ስንት ዓመት ሐኪም ቤት ተመላልሷል፤ ሕመሙ በቅጡ የገባው ግን ያን ቀን ነው።

ልምምዱ የሚሠራባት መሣሪያ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ነገር ናት። ውስጧ በስፕሪንግ የተያዘ መዝጊያ አለ። በቂ ኃይል ተጠቅመው ካልሳቡ አየር አታስገባም። ስፕሪንጉ ሲጠብቅ ይከብዳል፤ ጂም ውስጥ ብረት እንደመጨመር ነው። ለአባዬ ከለካችው ከፍተኛ ጉልበት 30 በመቶ ላይ አስጀመረችው። ጠዋት 30 ትንፋሽ፣ ማታ 30 ትንፋሽ። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ጠንከር አድርጎ መሳብ፣ ቀስ ብሎ ማስወጣት። ራሱን ካዞረው ወዲያው ማረፍ። ከዚያ እየለካች ትንሽ ትንሽ ጨመረችለት። ለውጡ ከሳምንታት በኋላ እንደሚመጣ፣ ካቆመ ደግሞ የተገኘው ጉልበት ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ ከመጀመሪያው አስጠንቅቃዋለች።

አንድ ነገር በዚሁ ልንገራችሁ። ፋርማሲ የምትሸጠው ባለ ሦስት ኳሷ ዕቃ ሌላ ናት። እሷ በጥልቀት ለመተንፈስ ታግዛለች፣ በተለይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ትታዘዛለች። ጡንቻው ላይ የሚለካ ጫና ግን አትጥልም። እኛም ልንገዛ ስንል የከለከለችን ፊዚዮቴራፒስቷ ናት።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳት ለሐቀኝነቷ ነው። "ጋሼ፣ ሳንባዎን አላድስልዎትም። ጡንቻዎን ግን አብረን እናጠነክራለን" አለችው። መድኃኒቱን እንዳይተው፣ በእግሩ መሄዱን እንዳያቆም አጥብቃ ነገረችው። ትንፋሽ ሲያጥረው ምን እንደሚያደርግም አስለመደችው፦ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ክንዱን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ ቀስ ብሎ ማስወጣት። ይቺ ብቻ እንኳ ከስንት ድንጋጤ አዳነችን። ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥረው የሚይዘው ፍርሃት ለእኛም ይተርፍ ነበር።

አባዬ ታቦር ተራራን ይወጣል አልላችሁም። አሁን ግን ልብሱን ሳያርፍ ይለብሳል። ፍቅር ሐይቅ ዳር በእግሩ ይሄዳል፤ ሲደክመው ይቀመጥና ይቀጥላል። ሰሞኑን ደግሞ ዓሣውን ራሱ መርጦ ገዝቶ መጣ። እናቴ እልል አለች።

ሯጮችና ኳስ ተጫዋቾችም እሷ ጋ ሲመጡ አይቻለሁ። በከባድ ስፖርት የትንፋሽ ጡንቻ ሲደክም ሰውነት ወደ እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ እግርም ቶሎ ይዝላል። ለእነሱ የምትሰጠው ጫና ከበድ ያለ ነው። ስለዚህ የአባዬን የጫና መጠን ወስዳችሁ ለራሳችሁ እንዳታደርጉት።

እህቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። አባዬ ስምሽን ሳያነሳ አያመሽም፤ እኛም ውለታሽን አንረሳም።

ስሟን በአደባባይ መጻፍ ስላልፈለግሁ አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቀድማችሁ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ አንዱን ታካሚ ሳትጨርስ ሌላውን አታስገባም። ስትሄዱ የሐኪም ወረቀታችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።