የእጅ ሕመም መርፌ በጅምላ አትግዙ

እጃችሁን ወይም አንጓችሁን የሚያማችሁ ሰዎች፣ ለመርፌ “ፓኬጅ” ከመክፈላችሁ በፊት ቆም በሉ። አሻሻጡ እንዲህ ነው። ስድስት መርፌ ባንዴ ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ፣ ቅናሹም ዛሬ ያበቃል። ለእኔም ቀርቦልኝ ነበር። እጄን በወጉ ሳያዩት ደረሰኝ ሊቆርጡ! ውሉ ግርጌ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል “ገንዘብ አይመለስም” ይላል።

መርፌው ራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ጊዜ በመርፌው የሚሰጠው ኮርቲዞን፣ እብጠትና ሕመም የሚቀንስ፣ የቆየ፣ የሚሠራ መድኃኒት ነው። ጣት ታጥፎ አልዘረጋ ሲል፣ ወይም በአውራ ጣት በኩል ያለው የአንጓ ጅማት ሽፋን ሲቆጣ፣ ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት መርፌ ይሻለዋል። ታዲያ አንዱ ካሻለኝ የቀሩት አምስቱ ምን ሊሠሩ ነው? ካላሻለኝም ምርመራው እንደገና ይታይ እንጂ በላይ በላዩ መወጋት ምን ይባላል? ሐኪሞች አንድን ቦታ በዓመት ከሦስት አራት ጊዜ በላይ መውጋት አይወዱም፤ በመሃሉም ወራት ያሳልፋሉ። ሲደጋገም ጅማት ይደክማል፣ ሊበጠስም ይችላል። “በየሳምንቱ ኑ” የሚል ፕሮግራም ለእጃችሁ ተብሎ የወጣ አይደለም።

ሻጮቹ የማያነሱት ሌላም አለ። የስኳር ሕመም ካለባችሁ ከመርፌው በኋላ ስኳራችሁ ለቀናት ሊወጣ ይችላል። የተወጋው ቦታ ሊነጣና ሊሰረጉድ ይችላል፤ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል።

“ስቴም ሴል” (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል መነሻ ሕዋስ) የሚባለው መርፌ ይብሳል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለመገጣጠሚያና ለጅማት ሕመም የፈቀደው የስቴም ሴል ምርት የለም። በ2018 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ ስቴም ሴል ተብሎ ከእትብት ደም የተዘጋጀ ምርት የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል መግባታቸው ተዘግቧል። ዋጋው የትየለሌ፣ ማስረጃው ስስ።

መወጋት ካለባችሁ መጀመሪያ የሕመሙን ስም ይንገሯችሁ። ሲሪንጁ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ስምና መጠን በጽሑፍ ተቀበሉ። “የራሳችን ቅመም ነው” ካሏችሁ ውጡ። ክፍያውም ለአንድ መርፌ ብቻ ይሁን።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ያልተወጋችሁት ስንት እንደሆነ ጠቅሳችሁ ገንዘባችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። የማመልከቻውን ቅጂና ደረሰኙን እንዳትጥሉ።