ካኖን፣ ኒኮን ወይስ ሶኒ? ለሠርግ ካሜራ ለምትገዙ የደሴ ልጆች

ጥር ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልድያም ይደወላል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሠርግ ማንሳት ልጀምር ነው፤ ካኖን ልግዛ ወይስ ሶኒ?» እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ብር እንዳላቸው ነው።

መልሴን ላስቀድም። ያገለገለ ካኖን 6ዲ ከ50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ጋር ግዙ (1.8 የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። የተረፈውን ለፍላሽና ለሁለተኛ ባትሪ አውሉት። ይህን የምለው የካኖን ፎቶ ከሌሎቹ ስለሚበልጥ አይደለም። አንድ ጎበዝ ልጅ በሦስቱም ካሜራ አንድ ሠርግ አንስቶ አልበሙን ቢያሳየኝ የቱ የየትኛው እንደሆነ አልለይም። አንድ ካሜራ ለሦስት ልጆች ቢሰጥ ግን የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ዳስ ውስጥ የሚሆነውን እዩ። ሰማያዊ ሸራ ከተወጠረ የሙሽራዋ ፊት ሰማያዊ ይመታል። በየትኛውም ብራንድ ያው ነው። እጁ የፈታ ልጅ ሙሽራዋን ሁለት እርምጃ ወደ ዳሱ በር ያመጣታል፣ ፊቷን ወደ ውጭ ያዞራታል፣ አለቀ። ነጭ በነጭ የለበሱ ዘመዶች ተደርድረው ሲቆሙም እንዲሁ ነው። ካሜራው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድም ያው ነው። ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) አንድ ስቶፕ፣ ማለትም እጥፍ፣ ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ይህ ደግሞ በሦስቱም ላይ ይሠራል። ሶኒ ላይ ለውጡን ሳታነሱ በፊት ስክሪኑ ላይ ታዩታላችሁ። ለጀማሪ ጥሩ እርዳታ ነው፣ አልክድም።

ታዲያ ለምን ካኖን? ዋጋው ነዋ። 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስን ብቻ እንውሰድ። የካኖኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ 125 ዶላር ነበር። የኒኮኑ በ2011 ሲወጣ 220 ገደማ፣ የሶኒው በ2016 ሲወጣ 250 ገደማ። የሶኒው የካኖኑ እጥፍ ማለት ነው። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 125 ዶላር ወደ 7,100 ብር ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ግን በባንክ ዋጋ እንኳ ከእጥፍ አልፏል። ስለዚህ የ125 ዶላር ልዩነት የዋዛ አይደለም፤ ፍላሽ ይገዛል።

ይህን ሌንስ እንዲህ የምጨቀጭቅበት ምክንያት አለኝ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ሲጎተት (ዙም ሲደረግ) 5.6 ላይ ይቆማል። 1.8 ደግሞ ከዚያ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። መስኮቱ ጠባብ በሆነ፣ ፍላሽ መተኮስ ነውር በሆነበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወይም ማታ ቤት ውስጥ በሚታሰር ኒካህ ላይ ሥራውን የሚያወጣው ይህ ነው። ውድ ካሜራ ከርካሽ ሌንስ ጋር ገዝቶ ብር የጨረሰ ልጅ እዚያ ይቸገራል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ 18-55 ሌንስ 6ዲ ላይ አይገጥምም። «ሌንሱ በነፃ ነው» ቢሏችሁ አትደሰቱ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፣ ወደ ፎርጅዱ። ኦርጅናሉ የካኖን ኤልፒ-ኢ6 ባትሪ ላይ የተጻፈው 1800 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው፤ ቀጥሎ የወጣው ኤልፒ-ኢ6ኤን 1865። ፎርጅዱ ላይ 2600 ተጽፎ ታያላችሁ። ቁጥሩ ስለበዛ የተሻለ ይመስላል። አንድ ጓደኛዬ ከአንድ ሱቅ ኦርጅናል ነው ተብሎ የገዛው ባትሪ ክረምቱን ካሜራው ውስጥ ከርሞ አብጦ ተገኘ። አልወጣ ብሎ ጠጋኙ የታችኛውን ክዳን ፈትቶ ነው ያወጣው። ለጥገናው የከፈለው ለባትሪው ከከፈለው በለጠ። ሚሞሪ ካርድም ተመሳሳይ ነው። 128 ጊጋ ተብሎ የተሸጠው በውስጡ 16 ሊሆን ይችላል። ካሜራው 128 አድርጎ ያሳያችኋል፤ ፎቶዎቹ ግን ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የሉም። የሰው ሠርግ አይደገምም! ካርዱን እንደገዛችሁ ጫፉ ድረስ በቪዲዮ ሙሉትና የመጨረሻውን ከፍታችሁ እዩ።

ያገለገለ ካኖን አብዛኛውን ጊዜ ከ24-105 ሌንስ ጋር ይሸጣል። የመጀመሪያው ዓይነት የታወቀ በሽታ አለው። ውስጡ ያለው ፍሌክስ (ስስ የኤሌክትሪክ ገመድ) በብዙ መጎተት ይበጠሳል። ሻጩ ፊት 24 ላይ አድርጉት፣ አፐርቸሩን (ቀዳዳውን) ወደ 11 አጥብቡና አንሱ። ከዚያ ወደ 105 ጎትታችሁ ድገሙት። «ኤረር 01» ካለ መጀመሪያ የሌንሱን የብረት ነጥቦች በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያም ካልተወው አትግዙ፤ ሻጩ «ቀላል ናት» ቢልም። እኔ የማውቃቸው ጠጋኞች እጃቸው የፈታው ካኖን ላይ ነው። ሶኒ ሲመጣ ግን አዲስ አበባ ላኩት ይላሉ፤ መላኩም መጠበቁም ብር ነው።

ኒኮን በአንድ ነገር ካኖንን ያስከነዳል። ስንት ጊዜ እንደተነሳበት በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። 6ዲ ላይ ይህን ለማየት ኬብልና ሶፍትዌር ያስፈልጋል። የፋይሉን ስም አትመኑ፣ ከ9999 በኋላ እንደገና ከ1 ይጀምራል። የ6ዲ ሹተር (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) የተገመተለት 100,000 ጊዜ ነው፤ የኒኮን ዲ750 ደግሞ 150,000። ንጹሕ ዲ750 በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ አብሽሩ፣ ውሰዱት። ዲ3200ንና ዲ5300ን ግን ተጠንቀቁ። የፎከስ ሞተር በውስጣቸው ስለሌለ ርካሹ አሮጌ 50 ሚሊሜትር በእጅ እንጂ በራሱ አያስተካክልም። ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ በእጅ ፎከስ ማድረግ ከባድ ነው።

ብሩ ከ6ዲ ካነሰ ካኖን 600ዲ ከዚያው 50 ሚሊሜትር ጋር ይበቃል። 18 ሜጋፒክሰሉ በሙሉ ጥራት 44 በ29 ሴንቲሜትር ይታተማል። ለብዙ የሠርግ አልበም ይህ ይበቃል።

ሶኒ ኤ7 ማርክ 3ን የምመክረው ዋና ሥራው ቪዲዮ ለሆነ ሰው ነው። ቪዲዮ ሲቀረጽ ፊት ተከትሎ ፎከስ ማድረጉ ያስደንቃል፣ 4ኬ (ከፍተኛ ጥራት) ቪዲዮም አለው፤ 6ዲ ሁለቱም የለውም። ግን ሌንስ ሲቀየር ሴንሰሩ ፊት ለፊት ክፍት ስለሆነ አቧራማ መንገድ ዳር አትቀይሩት። ብሩም ሌንሱን ጨምሮ የሚበቃ መሆን አለበት። ካልበቃ ለቪዲዮ ያገለገለ ካኖን 70ዲ ፈልጉ፤ የቪዲዮ ፎከሱ ከ6ዲ እጅግ ይሻላል፣ ባትሪውም ያው ኤልፒ-ኢ6 ነው።