ከሚዞር ቁልፍ ወደሚጫን ቁልፍ፦ የ10 ወር ልምዴ

በአማርኛ የሚዞረውም ቁልፍ ነው፤ የሚጫነውም ቁልፍ ነው። እንዳንምታታ ከመጀመሪያው እንስማማ። የሚዞረውን «ቁልፍ» እለዋለሁ። ዳሽቦርድ ላይ የሚጫነው «በተን» ይሁን። ኪስ ውስጥ የሚቀመጠው ደግሞ «ሪሞት»።

መኪናዬ ቤንዚን ነች፣ ማርሿ አውቶማቲክ ነው፣ ከፋብሪካ የወጣችው በቁልፍ የምትነሳ ሆና ነው። ከ10 ወር በፊት ኳድሮው (ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበት) አረጀብኝ። ቁልፉን ከትቼ ወዲህ ወዲያ እያወዛወዝኩ ካልለመንኩት አይዞርም። አንዳንዴ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቁልፉ ተመልሶ አይመጣም፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) እየጮኸ ይቀራል። ኳድሮውን ብቻ መቀየር ይቻል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ሰበብ ነበር የምፈልገው። የጓደኛዬን ፑሽ ስታርት (በበተን የምትነሳ) መኪና ከነዳሁ ጀምሮ ልቤ ሸፍቷል።

ለነገሩ በተን አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ካዲላክ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ይዞ ከመጣ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት ሞተር የሚነሳው በተን በመጫን ወይም በእግር በመርገጥ ነበር። ቁልፍ አዙሮ ማስነሳት የተለመደው ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ስለዚህ ዘመናዊ ሆንኩ ብዬ ስኮራ ወደ አያቶቻችን ዘመን ነው የተመለስኩት።

በኋላ የሚገጠም የበተን ዕቃ ገዛሁ። ካርቶኑ ውስጥ ያገኘሁት አንድ የመቆጣጠሪያ ሳጥን፣ በተን፣ ሁለት ሪሞት፣ ሁለት ትንንሽ አንቴና እና እንደ ስፓጌቲ የተጠላለፈ ሽቦ ነው። አሠራሩ ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። አንቴናዎቹ በዝቅተኛ ሞገድ፣ 125 ኪሎኸርዝ ላይ፣ «አለህ?» እያሉ ይጠራሉ። ይህ ሞገድ ሩቅ አይሄድም፤ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ሪሞቱ አጠገባቸው ካለ ጥሪውን ይሰማና በ433 ሜጋኸርዝ «አለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ በውስጡ ባሉት ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያዎች) ኳድሮው ይሠራ የነበረውን ይሠራል። መጀመሪያ የራዲዮውን መስመር፣ ቀጥሎ የሞተሩን፣ መጨረሻ ላይ የሞተሪኖውን ያገናኛል። ፍሬን ሳይረገጥ በተኑ ከተጫነ ራዲዮ፣ ድጋሚ ከተጫነ ኦን (የሞተሩ መስመር)፣ ሦስተኛ ከተጫነ ይጠፋል። ፍሬን ተረግጦ ከተጫነ ሞተሩ ይነሳል።

ሥራው አንድ ሙሉ ቀን ወሰደ። እኔም ቆሜ አየሁ። ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ ትንሽ ጠበቀ። ከመሪው ስር ያለውን ፕላስቲክ ሲያነሳ ቢጫ ሽቦዎች ብቅ አሉ። የኤርባግ ናቸው፤ ጫፋቸውን አልነካም። የቀሩትን በቴስተር አንድ በአንድ ለየ። እዚህ ድረስ እጁን አደንቃለሁ። የማላደንቀው ሽቦዎቹን ያያያዘበትን መንገድ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ሙሽራ ነበርኩ። ያለምክንያት እየወጣሁ አስነሳለሁ፣ አጠፋለሁ። ደስታው ግን አዲስነቱ ካለፈ በኋላም አልጠፋም። ሁለት እጄ ዕቃ ይዞ፣ ዝናብ እየወረደብኝ ወደ መኪናው ስጠጋ በሩ ራሱ ይከፈታል። ቁልፍ ፍለጋ ኪስ መዳበስ ቀረ። የተበላው ኳድሮ መለመንም ቀረ። ለዚህ ብቻ እንኳ ብዙ ይቅር ብዬዋለሁ።

ቀስ እያልኩ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ቁልፍ ሞተር ከማስነሳት ሌላ ዝም ብሎ የሚሠራቸው ሥራዎች ነበሩት። በተኑ የወሰደው አንዱን ብቻ ነው። የቀሩት ሜዳ ላይ ወደቁ።

መሪውን እንውሰድ። ቁልፉ ሲነቀል መሪውን የሚቆልፍ ብረት አለ። ቁልፍ ካልተከተተ ያ ብረት አይለቅም፤ በተኑም ስለ እሱ የሚያውቀው የለም። ከፋብሪካ ፑሽ ስታርት ሆነው የሚመጡ ብዙ መኪኖች መሪውን በኤሌክትሪክ የሚቆልፍና የሚፈታ ክፍል አላቸው። እኛ የለንም። ያለው አማራጭ ሁለት ነው፦ ቁልፉን ኳድሮው ላይ ትቶ መሄድ ወይም ብረቱን አውጥቶ መጣል። «ብረቱን ሳያወጡ ከፍቶ ማስቀመጥ ይበቃል» የሚላችሁን አትስሙ። እየነዳችሁ በድንገት ቢቆልፍ ምን እንደሚሆን አስቡት። የኔው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። በዚህ ምክንያት መኪናዬ ስትቆም መሪዋ እንደልብ ይዞራል፤ ለሌባ አንድ በር ተከፈተለት ማለት ነው።

ሁለተኛው በር ኢሞቢላይዘሩ (ያለራሷ ቁልፍ እንዳትነሳ የሚከለክለው) ነው። የቁልፉ እጀታ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች። ኳድሮው ዙሪያ የተጠመጠመው ሽቦ ያቺን ቺፕ ካላነበበ ሞተሩ አይሠራም። ሪሞቱ ደግሞ ይህች ቺፕ የለውም። መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? ከሁለቱ ቁልፎቼ አንዱ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ዳሽቦርዱ ውስጥ ተቀበረ። በተኑ ሲጫን ሳጥኑ የቺፗን ምልክት ወደ ኳድሮው ያደርሳል። ይሠራል፣ ችግር የለበትም። ግን ሌባው አንዴ ውስጥ ከገባ ቁልፉ እዚያው ቁጭ ብሎ እየጠበቀው ነው። ይህን ሻጩ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ሌባ እንዳያስነሳት ብዬ፣ ሞተሪኖው በሚቀሰቀስበት ቀጭን ሽቦ ላይ የተደበቀ ማብሪያ አስገጠምኩ። ሞተሩ መስመር ላይ ያላስገጠምኩት አውቄ ነው። እየነዳሁ ማብሪያው ቢበላሽ ሞተሩ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ልመለስ። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት በተኑን ስጫን መብራቱ ሁሉ ጭልም አለ። ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም። ደግሜ ሞከርኩ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የመሪውን ስር ከፍቼ ስነካው ናስትሮው (የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተሩ) ቀልጦ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ዋናው የ12 ቮልት ሽቦ የተያያዘው በእጅ ተጠምዝዞና ናስትሮ ተጠቅልሎበት ብቻ ነበር። እዚህ መስመር ላይ ከ20 አምፔር በላይ ሊያልፍ ይችላል። የላላ መገጣጠሚያ ላይ ያ ሁሉ ሲያልፍ ይግላል፤ ሲግል ይበልጥ ይላላል። ሌላ ባለሙያ ሁሉንም ፈትቶ በሊድ በየደው፣ በሙቀት የሚሸበሸብ ፕላስቲክ አለበሰው፣ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ሽታ፣ ሙቀት የለም። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ዕቃውን ሳይሆን የሚገጥመውን ሰው ምረጡ። ሲጨርስም ፕላስቲኩን ከመመለሱ በፊት «ልየው» በሉት።

ከሁሉ የባሰው ግን የኤሲው ታሪክ ነው። በተኑን ያስገጠምኩት መሃል ላይ፣ የኤሲው ማብሪያ አጠገብ ነበር። ውበት ነበር ያሰብኩት። በአራተኛው ወር የእህቴ ልጅ፣ 12 ዓመቱ ነው፣ ጎኔ ተቀምጦ ሞቆት ነበር። እጁን ዘረጋና ተጫነ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ወደ 50 ኪሎሜትር በሰዓት እየሄድን ነው። መሪው ወዲያው ከበደ። ፍሬኑ አንዴ ሁለቴ እሺ አለኝና ከዚያ ከእግሬ በታች ድንጋይ ሆነ፤ ሞተር ሲጠፋ የፍሬን ማገዣው የሚቀረው ያጠራቀመው ቫኩም (አየር የተመጠጠበት ባዶነት) ብቻ ነውና። በሁለት እጄ መሪውን እየታገልኩ ዳር ያዝኩ። ልጁ «ኤሲው መስሎኝ ነው» አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ምን ይባላል? ጥፋቱ የኔ ነው።

የፋብሪካ ፑሽ ስታርት መኪኖች በአብዛኛው እየሄዱ አንዴ ብትነኳቸው አይጠፉም፤ ተጭኖ መቆየት ወይም ደጋግሞ መጫን ይፈልጋሉ። የኔው ሳጥን ፍጥነት የሚያውቅበት ሽቦ የለውም። ቆማም ሆነ እየበረረች ለሱ አንድ ነው። በማግስቱ በተኑን ከመሪው ግራ በኩል አዛወርኩት፣ ላዩ ላይም የሚከፈት ክዳን አደረግኩበት። አስቀያሚ ሆነ። ይሁን። ዛሬ የምገዛ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው «የፍጥነት ሽቦ አለው ወይ?» ነው።

ይህ ሳጥን ማርሹም የት እንዳለ አያውቅም። ድሮ ማርሹ ፒ (ማቆሚያው) ላይ ካልሆነ ቁልፉ አይነቀልም ነበር። አሁን ዲ (መንጃው) ላይ እንዳለች አጥፍቼ መውረድ እችላለሁ። አንዴ አድርጌዋለሁም። ሜዳ ቦታ ስለነበር ተርፌያለሁ። አሁን የእጅ ፍሬን ሳልስብ በር አልከፍትም።

ባትሪን በተመለከተ፣ ሳጥኑና አንቴናዎቹ እንቅልፍ የላቸውም። በቴስተር ስለካው መኪናዬ ተቆልፋ ስትቆም ድሮ የምትስበው 30 ሚሊአምፔር ነበር፤ አሁን 52 ሆኗል። ትንሽ ይመስላል። በቀን ግን ወደ 1.25 አምፔር ሰዓት ነው። 18 ቀን ቆማ ነበርና ከ22 በላይ ሄደ። ባትሪዬ 45 ነው፤ ያውም አዲስ አይደለም። ስመለስ በሩም አልከፈተልኝ፣ በተኑም አልበራ። አሁን ከሳምንት በላይ የምሄድ ከሆነ ኔጋቲቩን ፈትቼ እሄዳለሁ።

ራሱ የሚከፈተውን በር ከዚህ በላይ አወድሼዋለሁ አይደል? ማታ ማታ ግን አበሳዬን አሳይቶኛል። መኪናዋ የምትቆመው ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ውጭ ነው፤ ሪሞቱን የምሰቅለውም እዚያው ግድግዳ ላይ። በቃ፣ ሌሊቱን ሙሉ «ቀጭ» ትከፈታለች፣ «ቀጭ» ትቆለፋለች። ሪሞቱን ወደ ሳሎን አዛወርኩት፤ ለጥንቃቄም ምልክት የማያሳልፍ ከረጢት ውስጥ ይተኛል። የሪሞትን ምልክት ከቤት ውስጥ ተቀብለው በመሣሪያ እስከ መኪናው የሚያደርሱ ሌቦች አሉና ከረጢቱ ለዚያም ይጠቅማል።

የሪሞቱ ባትሪ ሲአር2032 የምትባለው ክብ ናት። ሰባት ወር ቆየችልኝ። ከመሞቷ በፊት ትናገራለች፦ በሩ የሚከፈትልኝ እጀታውን ልነካ ስል ብቻ ሆነ። ያኔ መቀየር ነበረብኝ፣ አልቀየርኩም፣ ተቀጣሁ።

ሌላ ቅጣትም አለ። ወንድሜ ጠዋት ነድቷት ነበር፤ ከሰዓት እኔ እየነዳሁ ሥራ ቦታው አደረስኩት። ሪሞቱ ኪሱ ውስጥ እንደነበር ያወቅኩት ነዳጅ ለመቅዳት ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ነው። ሪሞቱ ሲርቅ ሳጥኑ ሦስት ጊዜ ይጮሃል፤ ሞተሩን ግን አያጠፋም። ማጥፋቱ አደገኛ ስለሆነ ልክ ነው። ግን ጩኸቱን ሬዲዮው ዋጠው። ከወረፋው ተገፍቼ ዳር ቆሜ ወንድሜን አንድ ሰዓት ጠበቅኩት። የዚሁ ነገር አስፈሪው ገጽታ የተዘጋ ጋራዥ ላላቸው ሰዎች ነው። ሪሞቱ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሞተሩ ድምፁ አይሰማም፣ ሰውየው ጠፍቷል ብሎ ይገባል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ድሮ ቁልፉን ይዞ ለመውጣት ሞተሩን ማጥፋት ግድ ነበር።

ማኑዋል ለሚነዱ አንድ ቃል። የማስነሻው ሽቦ ከፍሬኑ ሳይሆን ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ጋር መያያዝ አለበት። አለበለዚያ ማርሽ ውስጥ እያለች በተኑ ሲነካ ትዘላለች። በሪሞት ከሩቅ የማስነሳት አገልግሎት ካለውም በማኑዋል ላይ ጨርሶ አታስከፍቱት። ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ካንዴሌታው (ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው) እስኪሞቅ ሳጥኑ እንዲጠብቅ መስተካከል አለበት።

ይቆጨኛል ወይ? አይቆጨኝም። መጀመሪያውኑ በደንብ የሚበይድ ሰው ባገኝና የፍጥነት ሽቦ ያለውን ብገዛ ኖሮ ግማሹን ጣጣ አላየውም ነበር። ኳድሮው ጤነኛ ለሆነለት ሰው ግን አስገጥም አልለውም።

አንድ ጥሩ ነገር ያደረግኩት ሁለተኛው ባለሙያ የድሮውን ኳድሮ በአዲስ ቀይሮ ከበተኑ ጎን ለጎን እንዲሠራ መተዉ ነው። የሪሞቱ ባትሪ የሞተ ቀን ያዳነኝ እሱ ነው። ቁልፉ ያለው ባለቤቴ ዘንድ ነው። ሁለተኛውን ሪሞት ስሰጣት ለአንድ ሳምንት ይዛው መለሰችልኝ። እሷ እስከ ዛሬ ቁልፏን አዙራ ነው የምታስነሳው።