ቀላል የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለሥራ መመላለሻ፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ሲወራ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ሞተሩ ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ቀድሜ የምጠይቀው «ብስክሌቱ የት ያድራል?» ብዬ ነው። ግቢ ውስጥ ወይም ምድር ቤት የሚያድር ከሆነ ክብደቱ ብዙም አያስጨንቅም። ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚያድር ከሆነ ግን መጀመሪያ ክብደቱ ይታይ፤ ሌላው ይደርሳል።

ክብደት የሚያስቸግረው ስትነዱት አይደለማ። አስሉት እስቲ። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 100 ሜትር ከፍታ ሲወጣ፣ የአየሩና የመንገዱ ሰበቃ ሳይቆጠር፣ በ15 ኪሎ ብስክሌት ወደ 25 ዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልገዋል። ብስክሌቱ 25 ኪሎ ቢሆን 27 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ልዩነት ሞተሩ ይችለዋል፤ እግራችሁ ላያውቀው ሁሉ ይችላል። ደረጃ ላይ ስትሸከሙት ግን የሚያግዝ ሞተር የለም። ባትሪው መንገድ ላይ ያለቀ ቀንም ያው ነው።

ቀላል የሚባለው ስንት ኪሎ ነው?

ለመመላለሻ የሚሠሩት የተለመዱ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች አብዛኞቹ ከ22 እስከ 28 ኪሎ ይመዝናሉ። ቀላል የሚባሉት ከ13 እስከ 18 ኪሎ ናቸው። ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከሞተሩና ከባትሪው ነው። የቦሽ ፐርፎርማንስ ላይን ሲኤክስ ሞተር 85 ኒውተን ሜትር (የማዞር ጉልበት መለኪያ ነው) ጉልበት አለው፤ ክብደቱ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ቲኪው ኤችፒአር 50 የሚባለው ትንሽ ሞተር 50 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ ክብደቱ 1.85 ኪሎ ነው። ባትሪውም ከ500–750 ዋት ሰዓት ወደ 250–400 ይወርዳል።

ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ኪሎ ግን በጥርጣሬ እዩት። ብዙ ጊዜ የሚመዘነው ትንሹ የፍሬም ቁመት ነው፤ ያውም ፔዳል ሳይገጠምለት። ፓራፋንጎ፣ መብራት፣ የኋላ ዕቃ መጫኛና ማቆሚያ ሲጨመርበት 2 ኪሎ አካባቢ ይጨምራል። ደህና የብስክሌት መቆለፊያ ደግሞ ብቻውን ከ1 ኪሎ ያልፋል። ሻጩ ሚዛን ካለው እዚያው ይመዘንላችሁ።

የኋላ ጎማ ሞተር ወይስ የመሃል ሞተር?

ዋናው ምርጫ እዚህ ነው። አንደኛው ዓይነት ሞተር የኋላው ጎማ መሃል ላይ ይቀመጣል። ማህለ ኤክስ 35 የዚህ ዓይነት ነው፤ ሞተሩ፣ ባትሪውና ገመዱ ተደምሮ 3.5 ኪሎ ገደማ ሲሆን ጉልበቱ 40 ኒውተን ሜትር ነው። ሁለተኛው ዓይነት ፔዳሉ ያለበት ቦታ ላይ ይገጠማል። ቲኪው እና የስፔሻላይዝድ ኤስኤል ሞተሮች ከዚህ ወገን ናቸው።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ «50 ከ40 ይበልጣል» እንዳትሉ። የኋላው ሞተር 40 በቀጥታ ጎማው ላይ ያርፋል። የመሃሉ 50 ግን በማርሽና በሰንሰለት አልፎ ነው ጎማው ጋ የሚደርሰው። ፊት 44 ጥርስ፣ ኋላ 16 ጥርስ ላይ ከሆናችሁ የሚደርሰው 18 ገደማ ብቻ ነው። ኋላ ወደ ትልቁ ማርሽ እየቀየራችሁ ፊትና ኋላ እኩል ጥርስ ላይ ስትደርሱ 50ው በሙሉ ይደርሳል። የኋላው ከፊተኛው ከበለጠ ደግሞ ከ50ም ያልፋል። የመሃል ሞተር ዳገት ላይ የሚጎብዘው በዚህ ነው። የኋላው ሞተር ማርሽ አይረዳውም። ረጅምና ቀጥ ያለ ዳገት ላይ በዝግታ ሲሄድ ይግላል፤ አንዳንዱም ራሱን ለመጠበቅ ጉልበት ይቀንሳል።

በሌላ በኩል የመሃል ሞተር ጉልበቱን በሰንሰለቱ ስለሚያሳልፍ ሰንሰለቱና ጥርሶቹ ቶሎ ያልቃሉ። የኋላው በዚህ በኩል ግልግል ነው። ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። ጎማ ሲተነፍስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የኋላውን ጎማ ለማውጣት የሞተሩን ገመድ መንቀል አለባችሁ፤ ብዙዎቹ ላይም ቡሎን የሚፈታ መፍቻ ያስፈልጋል። ዝናብ ውስጥ፣ ሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ አስቡት። ኤክስ 35 ከመግዛት የሚከለክል ባይሆንም መፍቻውን ቦርሳ ውስጥ መያዝ ግድ ነው።

ደረጃ ላይ ያለውን ልዩነት የሚነግራችሁ ማስታወቂያ የለም። ሞተሩ ኋላ ያለው ብስክሌት ሲያነሱት ጭራው ወደ ታች ይጎትታል፤ ደረጃው ሲታጠፍ የኋላው ጎማ ግድግዳ ይነካል። የመሃል ሞተር ያለው ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ትከሻ ላይ ይተኛል። ይህ ግን የፍሬሙ የላይኛው ብረት ቀጥ ብሎ ካለፈ ነው። ለመውጣት እንዲመች ብረቱ ዝቅ ብሎ የተሠራው ፍሬም ትከሻ የሚገባበት ቦታ የለውም። በ15 ኪሎም ቢሆን ያንገላታል።

መንገዳችሁ ሜዳ ከሆነ፣ ወይም አልፎ አልፎ ድልድይና አጭር ዳገት ብቻ ካለው፣ እኔ የኋላውን እመርጣለሁ። በየቀኑ ረጅም ዳገት ካለ ተጨማሪው ገንዘብ ለመሃሉ ቢወጣ አይቆጭም።

ባትሪው ይወጣል ወይስ አይወጣም?

ብዙዎቹ ቀላል ብስክሌቶች ባትሪያቸው ፍሬሙ ውስጥ የተቀበረ ነው። ያምራል፣ ክብደትም ይቀንሳል። ብስክሌቱ የሚቆምበት ቦታ ሶኬት ከሌለ ግን ከነብስክሌቱ ሶኬት ፍለጋ መዞር ነው። እንዲህ ከሆነ 1 ኪሎ ቢከብድም የሚወጣ ባትሪ ያለውን ግዙ። እዚህ ላይ አልደራደርም።

መጠኑ ብዙ አያስጨንቃችሁ። ቀላል ብስክሌት በመካከለኛ እገዛ በኪሎ ሜትር ከ5 እስከ 8 ዋት ሰዓት ቢበላ ነው። በ250 ዋት ሰዓት ከ30 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው በቂ ነው። በብርድ ጊዜ አቅሙ ይቀንሳል፤ ባትሪውም እያረጀ ይሄዳል። ደርሶ መልሱ 40 ኪሎ ሜትር የሆነበት ሰው ወይ ትልቅ ባትሪ፣ ወይ ሥራ ቦታ ሁለተኛ ቻርጀር ያስፈልገዋል።

ታጣፊውስ?

ባቡር ወይም አውቶቡስ ላይ ይዞ ለሚወጣ ሰው ውድድሩ እዚህ ያበቃል፤ ታጣፊ ነው። ለምሳሌ ብሮምፕተን ኤሌክትሪክ የሚባለውን ታጣፊ እዩ። ባትሪው ፊት ለፊት በሚሰቀል ቦርሳ ውስጥ ስላለ ነቅላችሁ ለብቻው ትይዙታላችሁ። 17 ኪሎ ገደማውን ለሁለት ከፍሎ መሸከም ማለት ነው። ጎማዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ግን ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ወገብ ይቀጣል። ጠረጴዛችሁ ሥር የምታስቀምጡት ካልሆነ፣ ባቡርም የማትይዙ ከሆነ፣ ትልቅ ጎማ ያለው ይሻላችኋል።

የቀረው ባጭሩ

ፔዳል ላይ ያሳረፋችሁትን ጉልበት የሚለካ ሴንሰር ያለውን ምረጡ። ርካሾቹ ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ የትራፊክ መብራት ላይ ስትነሱ ወይ ይዘገያሉ ወይ በድንገት ይስባሉ። በሰንሰለት ፋንታ ቺንጋ ያለው ዘይት አይፈልግም፣ ሱሪም አያቆሽሽም።

ልጅ ወይም ከባድ ዕቃ የምትጭኑ ከሆነ ቀላሉን ተዉት። ብዙዎቹ የመጫን አቅማቸው ውስን ነው፤ 35 ወይም 40 ኒውተን ሜትርም ዳገት ላይ አይበቃም። ለእናንተ 25 ኪሎው ነው የሚሆነው።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሞተሩ እገዛ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ የምትገፉት በራሳችሁ እግር ነው፤ ፈጣን ነጂ የቀላል ብስክሌትን ጥቅም በደንብ የሚያየው እዚያ ነው። ስለዚህ ስትሞክሩት ሞተሩን አጥፍታችሁም ንዱት። ከዚያ ውረዱና አንስታችሁ ጥቂት ደረጃ ውጡ። ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ኢኤን 15194 (የአውሮፓ) ወይም ዩኤል 2849 (የአሜሪካ) የሚል የደህንነት ማረጋገጫ መኖሩን እዩ። ኒውዮርክ ከተማ ከ2023 ጀምሮ ዩኤል 2849ን ለሽያጭ ግዴታ ያደረገችው የሊቲየም ባትሪ እሳት አስቸግሯት ነው። ባትሪው የሚያድረው እናንተ የምትተኙበት ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ማረጋገጫ የሌለውን ዋጋው ቢረክስም አትንኩት።