ለአሮጌ ቤዝ ጊታር የትኛው ክር? ፍላትዋውንድ 45–100 ታስሮ ከከረመ በኋላ

የምንገመግመው በፕሪሲዥን (የፌንደር ቤዝ ዓይነት) ቅርጽ በተሠራ፣ ባለ አራት ክርና 34 ኢንች ስኬል (ድምፅ የሚያወጣው የክሩ ርዝመት) ባለው አሮጌ የጃፓን ቤዝ ላይ የታሰረ የፍላትዋውንድ ክር፣ ማለትም ላዩ በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለ ለስላሳ ክር ነው። ውፍረቱ በሺኛ ኢንች 45–65–80–100። በበጋ ታስሮ የደሴን ክረምት አሳልፏል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሠርግና ሆቴል ሲሠራበትም ቆይቷል፤ እስካሁን አልተፈታም። ለአሮጌ ቤዝ፣ ይልቁንም ለወሎ ዜማ፣ ደጋግመን የምንመርጠው እሱን ነው። ግን አስሮ ብቻ መጫወት የሚቻልበት ክር አይደለም፤ ቤዙ ለእሱ መስተካከል አለበት።

አሮጌ ቤዝ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ድምፅ ነው። ከድምፁ በፊት አንገቱን ማየት ይሻላል። አራቱ ክሮች በመደበኛው ቅኝት (ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ) አንገቱን በድምሩ ከ70 እስከ 90 ኪሎ በሚደርስ ኃይል ይጎትቱታል። አሜሪካዊው ቤዚስት ጄምስ ጃመርሰን በሞታውን ኩባንያ ቀረጻዎች እ.ኤ.አ. የ1962 ፕሪሲዥኑ ላይ የላ ቤላ ኩባንያን ፍላትዋውንድ 52–110 ያስር ነበር፤ ይህን የሰማ ሁሉ ያንኑ ክር ይፈልጋል። ትራስ ሮዱ (አንገቱ ውስጥ ያለው ማቅኛ ብረት) እስከ መጨረሻው ጠብቆ ላለቀ አንገት ግን ያ ውፍረት ከባድ ነው፤ አንዴ ከጎበጠ ማቃናቱ ይቸግራል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ፈትሹ። ቤዙን ቃኙ፣ ኢ ክርን አንደኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑት፤ 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን። ጋራዥ የቫልቭ ክፍተት የሚለካበትን ስስ ብረት መዋስ ይቻላል፤ ካልተገኘ አንድ ቢዝነስ ካርድ ይበቃል። ክፍተቱ ሰፍቶ ትራስ ሮዱም አልዞር ካለ፣ 45–100ንም ተዉትና እንደ ቶማስቲክ ጃዝ ፍላትስ (43–56–70–100) ያለ ጉተታው የላላ ክር ፈልጉ። ሌላው መንገድ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መቃኘት ነው፤ ይህ ብቻውን ጉተታውን 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

አስተሳሰሩ ላይ ብዙ ክር ይበላሻል። አሮጌውን አንድ በአንድ እየፈታችሁ በአዲስ ተኩ፣ አንገቱ ሳይናወጥ ይቆያል። ክሩን ወጥራችሁ ከራሱ መቃኛ ቁልፍ 12 ሴንቲሜትር ያህል አሳልፉት፤ እዚያ ላይ መጀመሪያ በፒንሳ 90 ዲግሪ አድርጋችሁ እጠፉት፣ ከዚያ ከእጥፋቱ ወዲያ ቁረጡ። ፍላትዋውንድን ቀጥ እንዳለ የቆረጠ ሰው የላይኛው ጠፍጣፋ ጥቅል ከውስጡ ሽቦ ላይ ይፈታበታል፤ ክሩም ድምፁ ይሞታል። ጫፉን ቁልፉ መሐል ባለው ቀዳዳ ከትታችሁ ወደ ታች ሁለት ወይም ሦስት ዙር ጠምጥሙ። ለኤ ክር ሦስቱን ዙር አትንፈጉት። እሱን ወደ ታች የሚይዝ ነገር ስለሌለ ጥምጥሙ ላይኛው ጫፍ ላይ ከቀረ ነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ባለ ቦረቦር ቁራጭ) ላይ ይላላል፤ ባዶውን ሲመታም ይንጫጫል። ጫፉ ላይ ያለው ባለ ቀለም የሐር ጥምጥም ነትም ሆነ ብሪጅ (አካሉ ላይ ክሮቹን የሚይዘው ብረት) ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ፤ ካረፈ የክሩ ርዝመት ለቤዙ አይሆንም ማለት ነው።

ነቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። አሮጌ ነት ብዙ ጊዜ ለሌላ ውፍረት የተቦረቦረ ነው። ስትቃኙ «ትክ» ብሎ ድምፁ ከዘለለ ክሩ ተቀርቅሯል፤ የእርሳስ ዱቄት ያንሸራትተዋል፣ ካልሆነ ቦረቦሩ በባለሙያ ይስፋ። ከፍታው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። የአምባሰል ቅኝትን ከኢ ተነሥታችሁ ስትጫወቱ ድምፆቹ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ናቸው፤ ኤፍ የምትገኘው አንደኛው ፍሬት ላይ ነው። ነቱ ከፍ ካለ ያንን ፍሬት ለመጫን ክሩ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ኤፍም ሻርፕ ትሆናለች፤ ኪቦርዱ ሲገባ ያስቀይማል። 3ኛውን ፍሬት ይዛችሁ አንደኛው ላይ ያለውን ክፍተት እዩ፤ ወረቀት ቢያልፍ በቂ ነው።

ክሩ ከፍሬቱ የሚርቅበትን ከፍታ 17ኛው ፍሬት ላይ ለኢ 2.8፣ ለጂ 2.4 ሚሊሜትር አድርጉት። ኢንቶኔሽን (ድምፁ አንገቱ ላይ ሁሉ ልክ እንዲሆን ማስተካከል) ክሩ ተወጥሮ ከረጋ በኋላ ይሠራል፤ 12ኛው ፍሬት ላይ የተያዘው ድምፅ ከሃርሞኒኩ (እዚያው ክሩን ሳይጫኑ ነክቶ ብቻ ከሚወጣው ድምፅ) ከፍ ካለ ሳድሉን፣ ማለትም ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ብረት፣ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት።

ድምፁን በተመለከተ፣ አዲስ ሳለ ትንሽ ብረት ብረት ይላል። በሁለተኛው ወር ገደማ ያ ይጠፋና ወፍራም፣ አጭርና ክብ ድምፅ ይቀራል። ለጭፈራ ጨዋታ በ6/8 ስትመቱ እያንዳንዱ ምት ከከበሮው ጋር ተለይቶ ይሰማል። ለዝግ ያለ ትዝታ ጣት ሲንሸራተት የሚሰማው ጩኸት ስለሌለ ከማሲንቆው ጋር አይጣላም። ጉድለቱ ትናንሽ ድምፅ ማጉያ ላይ ይታያል። ባዶ ኢ 41.2 ኸርዝ ነው፣ ትንሽ ስፒከር ያንን አያወጣም፤ ፍላትዋውንድ ደግሞ የላይኛው ድምፅ ስለሚያንሰው ቤዙ ጭራሽ ይሰወራል። ቤዝ ኖቡን አትጨምሩ፤ 800 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ሚድ (መካከለኛውን ድምፅ) ከፍ አድርጉ።

ክረምት ላይ ነው በጣም የወደድነው። ራውንድዋውንድ (በክብ ሽቦ የተጠቀለለው የተለመደ ክር) በጥቅልሉ መካከል ላብና እርጥበት ይይዛል፤ ይሄኛው ለስላሳ ስለሆነ ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርድ ብረቱ ስለሚለጠጥ ቅኝቱ ዝቅ ይላል፣ ሲመለስ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከሳጥኑ አውጥታችሁ ሃያ ደቂቃ አቆዩትና ቃኙ። አንገቱም ወቅት ሲለወጥ ይንቀሳቀሳል። ትራስ ሮዱን ስታስተካክሉ ክሩን አላሉ፣ በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ፣ ቃኝታችሁ እስከ ማግስቱ ተዉት። በብዙዎቹ አሮጌዎች ላይ የማስተካከያው ብሎን አንገቱ ሥር ስለሚደበቅ አራቱን የአንገት ብሎኖች በካቻቪቴ ማላላት ግድ ነው።

ሌላው ጥቅም ፍሬት ነው። የብረት ራውንድዋውንድ አሮጌ ፍሬትን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ፍሬት ማስቀየር ደግሞ እዚህ በቀላሉ አይገኝም። በፍላቱ ሥር እስካሁን አዲስ ጭረት አይታይም።

ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ) የምትጫወቱ ወይም በፒክ (በመምቻ) የሰላ ድምፅ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ይህ ክር የእናንተ አይደለም፤ ኒኬል ራውንድዋውንድ 45–100 ውሰዱ። ከአዲስ አበባ ስታስመጡ ለሚገዛላችሁ ሰው «የቤዝ ክር» ብቻ ብላችሁ አትላኩት፦ ባለ 4፣ ፍላትዋውንድ፣ ሎንግ ስኬል (34 ኢንች)፣ 45–100 ብላችሁ ጻፉለት፤ የማሸጊያውንም ጀርባ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁና ከመክፈሉ በፊት አረጋግጡ።