ጭንቅላት ሲወዛወዝ ማንበብ፦ በሰሌዳ ወይስ በኮምፒውተር?

ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ተሳፍረው፣ በጣና ዳር እየተንገጫገጩ የሱቅ ስም ማንበብ ከቻሉ የውስጥ ጆሮዎን ያመስግኑ። ጭንቅላት ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይንን ወደ ግራ የሚመልሰው እሱ ነው። ሲታመም ሁሉ ነገር ይርገበገባል።

ይህን የውስጥ ጆሮ ሥራ መፈተሻው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የምናውቀው የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ነው። መጀመሪያ ሳይነቃነቁ ያነባሉ። ከዚያ ባለሙያው ጭንቅላትዎን ይዞ፣ በሰከንድ 2 ጊዜ ያህል ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ያስነብብዎታል። ሳይነቃነቁ ካነበቡት ከ2 መስመር በላይ ከቀነሱ ያጠራጥራል። ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። ግን ቀዳዳ አለው፦ ጭንቅላት አቅጣጫ ሲቀይር ለቅጽበት ይቆማል፣ ዓይንም ያኔ ፊደሉን ይሰርቃል። ሰሌዳውን በቃሉ የሸመደደም አይጠፋም።

ሁለተኛው መፈተሻ፣ ኮምፒውተሩ፣ እዚህ ላይ አይሸወድም። ጭንቅላት ላይ የሚታሰር መለኪያ ፍጥነቱን ይከታተላል። ፊደሉ ብልጭ የሚለው ጭንቅላት በቂ ፍጥነት ሲደርስ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በሰከንድ 120 ዲግሪ። ቀኝና ግራን ለየብቻ ስለሚለካ የትኛው ጆሮ እንደደከመ ይጠቁማል። ዋጋው ግን አይቀመስም። መብራት ከጠፋማ ጉድ ነው።

እኔ ብሆን በሰሌዳው ጀምሬ፣ ካጠራጠረ ወደ ኮምፒውተሩ እሄዳለሁ። አንገትዎን የሚያምዎ ከሆነ ግን ከሁለቱም በፊት ይናገሩ።