ለዴኔ አዛውንት የቋንቋ መምህራን ምስጋና፣ ለማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች ጥቆማ

በካናዳ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ በየመንደሩ ትምህርት ቤት የዴኔን፣ ማለትም የሰሜን ካናዳ ነባር ሕዝቦችን፣ ቋንቋዎች የምታስተምሩ እናቶችና አባቶች፣ እጅግ እናመሰግናለን። ግዛቱ ካሉት 11 ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች አምስቱ የዴኔ ናቸው። የካናዳ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ለነባር ሕዝቦች ልጆች ያቋቋሟቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጅን ከወላጁ ለይተው በገዛ ቋንቋው እንዳይናገር ካደረጉ በኋላ ቋንቋው ተመልሶ ክፍል ውስጥ የገባው በእናንተ ነው።

የቋንቋ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ለምታስቡ (በውጭ አገር ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የምታስተምሩትንም ይጨምራል) የእነዚህን ሰዎች አሠራር እንጠቁማለን። ቀለም፣ ቁጥርና የእንስሳ ስም ብቻ የሸመደደ ልጅ ዴኔ አይናገርም፤ ሸክሙ ያለው ግሡ ላይ ነውና። አንድን ዕቃ ለመስጠት እንኳ ግሡ ዕቃው ክብ ይሁን፣ እንደ በትር ረጅም፣ እንደ ጨርቅ ተጣጣፊ ወይስ በመያዣ ውስጥ ያለ ይለያል። ይህ በወረቀት አይገባም፤ ዕቃው እጅ ላይ ሲሆን ግን ልጁ በቶሎ ይለየዋል።

ለዚህ የሙስ (ትልቅ የሰሜን አጋዘን) ቆዳ ማልፋትን የሚያህል ትምህርት የለም። በመጀመሪያ ሥጋው በአጥንት መፋቂያ ይነሣል፣ ቀጥሎ ጠጉሩ። ከዚያ የእንስሳ አንጎል በተበጠበጠበት ውኃ ይነከራል፣ በዱላ እየተጠመዘዘ ይጨመቃል፣ እስኪለሰልስ ድረስ እየተወጠረ ይፋቃል። እየደረቀ ሳለ መሳቡ ከተቋረጠ ይገረራል፤ እንደገና ወደ መንከር መመለስ ነው። በመጨረሻ ቀዳዳዎቹ ተሰፍተው እንደ ከረጢት ይዘጋጅና በበሰበሰ እንጨት ጭስ ይታጠናል። ነበልባል ከተነሣ የብዙ ቀን ልፋት ይኮማተራል፣ ስለዚህ እሳቱን የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። በየደረጃው አዛውንቷ የምትሠራውን እየሠራች ትናገራለች፣ ልጁ ይደግማል፣ ቀጥሎ ያው ትእዛዝ ለእሱ ይሰጠዋል።

ነገሩን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የአስተዳደር ችግር ነው። አዛውንትን ለአንድ ሰዓት እንግዳ አድርጎ ጠርቶ መሸኘት ጥቅሙ ጥቂት ነው። ቋሚ ደመወዝ፣ መጓጓዣና ማገዶ ይመደብላቸው፤ ክፍሉን የሚቆጣጠር አንድ የሠለጠነ መምህርም አብሯቸው ይሁን። ልጆች ከአዛውንቱ ጋር ከመንደር ወጥተው የሚማሩበት ካምፕ በትምህርት ካሌንደሩ ላይ አስቀድሞ ይግባ፤ ዓሣ ማድረቅና አደን የየራሳቸው ወቅት አላቸው፣ ሴሚስተር አይጠብቁም። ጎልማሶችን ደግሞ ከአንድ ተናጋሪ ጋር አጣምሮ ምግብ ሲያበስሉ፣ መረብ ሲጥሉ እንግሊዝኛ ሳይገባ እንዲያወሩ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ይከብዳል፤ ያኔ በእጅ ማሳየት እንጂ መተርጎም አያስፈልግም።

የሥርዓተ ትምህርት መነሻ ለሚፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዴኔ ኬዴ ከአዛውንቱ ጋር የተዘጋጀ ነው፤ ትምህርቱን ሰው ከመንፈስ ዓለም፣ ከምድር፣ ከሌሎች ሰዎችና ከራሱ ጋር ባለው ግንኙነት ያደራጃል። እንዴት እንደሚሠራ ማየት ለሚሻ ደግሞ በቤህቾኮ ማኅበረሰብ፣ ኤድዞ የሚገኘውን የቺፍ ጂሚ ብሩኖ ትምህርት ቤት እንጠቁማለን። አለቃ (ቺፍ) ብሩኖ ልጆች በሁለቱም መንገድ፣ በትሊቾም (ከዴኔ ሕዝቦች አንዱ) በነጮቹም እንዲማሩ ጠይቀው የተሠራ ነው። ስትሄዱ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ በፊት የቋንቋ መምህራኑን አነጋግሩ።